አሳቲግ ደሴት ለምን ወደ ኋላ ሸሸ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ወገኖች። ባለፈው ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር ኦሽን ሲቲ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ ያለችው የባሕር ዳር ከተማ ነበርን። ከከተማዋ ደቡብ ጫፍ ቆማችሁ ማዶ አሳቲግን ስታዩ፣ የዚያኛው ዳርቻ ከዚህኛው ጋር አይገጥምም፣ ወደ ምዕራብ ገባ ብሏል። ተሻግረን በባሕሩ ዳር ስንሄድ ደግሞ የሣር ሥር የተተበተበበት ጥቁር ጭቃ ከአሸዋው ውስጥ ብቅ ብሎ አየን። ልጄ "ይሄ ጭቃ ከየት መጣ?" ብትለኝ መልስ አጣሁ። ደሴቱ እያለቀ ነው እንዴ?

ባሕር ወዳድ፦
እህቴ፣ እያለቀ ሳይሆን እየሄደ ነው። አሳቲግ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ የአሸዋ ደሴት ነው። ኃይለኛ ማዕበል ሲመጣ አሸዋውን ከውቅያኖሱ በኩል ጠርጎ፣ ደሴቱን አሻግሮ ከጀርባው ያለው ጨዋማ ረግረግ ላይ ይደፋዋል። ፊቱ ይበላል፣ ጀርባው ይጨምራል። ያያችሁት ጭቃ ያ ረግረግ ነው፤ አሸዋው በላዩ አልፎ ሲሄድ በውቅያኖሱ በኩል ተገለጠ። ልጅሽ የቆመችበት ቦታ ድሮ የደሴቱ ጀርባ ነበር ማለት ነው።

የካርታ ሰው፦
ልክ ነው፣ ግን የሰሜኑ ጫፍ እንዲህ የሸሸው በተፈጥሮ ብቻ አይደለም። ኦሽን ሲቲና አሳቲግ እስከ 1933 (እ.ኤ.አ.) አንድ መሬት ነበሩ፤ በዚያ ዓመት የመጣው ሃሪኬን ነው መሃሉን ቆርጦ የከፈተው። ከዚያ ጀልባ እንዲያልፍ ተብሎ፣ ክፍተቱ እንዳይደፈን ግራና ቀኝ የድንጋይ ግንብ ተሠራ። እዚያ ጠረፍ ላይ አሸዋ የሚጓዘው ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ ግንቡ ሲያግደው የኦሽን ሲቲ ዳርቻ ሰፋ፣ የአሳቲግ ቀለብ ግን ተቋረጠ። ከ2004 ጀምሮ መርከብ አሸዋ እየዛቀ ይመልስለታል። እኔ ይህ ሥራ ለአንድ ዓመት እንኳ መቋረጥ የለበትም ባይ ነኝ፣ ጥፋቱን ያመጣነው እኛ ሰዎች ነና። ደሴቱን ሸንሽነው ቤት ሊሠሩበትም ነበር እኮ! የ1962ቱ ማዕበል መንገዱን ሁሉ ጠራረገው፣ በ1965 ብሔራዊ ጥብቅ ዳርቻ ሆነ።

ወፍ ተመልካች፦
አንድ ነገር ልጨምር። ማዕበል ጠርጎት ባዶ የሆነው አሸዋ ለአንዲት ትንሽ ወፍ፣ ለፓይፒንግ ፕሎቨር፣ ዋና መራቢያዋ ነው። እንቁላሏ ከአሸዋው ቀለም ስለማይለይ ሳታውቁ ትረግጡታላችሁ፤ የታጠረ ቦታ ካያችሁ ዞራችሁ እለፉ። ደሴቱ ላይ የሚኖሩትን የዱር ፈረሶችም እባካችሁ አትመግቧቸው። ሆዳቸው የተነፋው ጨዋማ ሣር እየበሉ ብዙ ውኃ ስለሚጠጡ ነው። ምግብ ከሰው እጅ የለመደ ፈረስ መኪና መንገድ ላይ ይወጣና ይገጫል።