ላንድክሩዘር 80 ከፍ ከተደረገ በኋላ መሪው አልረጋ አለ

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የላንድክሩዘር 80 ሞላዎችን በረጃጅም ሞላዎችና በተስማሚ ሾኮች አስለውጬ መኪናው 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ከዚያ ወዲህ ግን ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ፍጥነት ስጨምር መኪናው ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ከታጠፍኩ በኋላም መሪው እንደ ድሮው በራሱ አይመለስም። በዚያ ላይ ቀጥ ብዬ ስሄድ መሪው ጠመም ብሎ ይቆማል። አላይመንት አሠርቼ የፊት ጎማዎቹ ቶ-ኢን (ከፊት በኩል ወደ ውስጥ የሚቀራረቡበት መጠን) ልክ እንደሆነ ቢነገረኝም ነገሩ ካለበት ፈቅ አላለም። ጥፋቱ የሾኮቹ ይሆን?

መልስ 1
ሾኮቹን ለጊዜው ይተዋቸው። የገለጹት የካስተር ማነስ ምልክት ነው፤ ካስተር ማለት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት መስመር ከላይ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት መጠን ሲሆን፣ መሪው በራሱ እንዲመለስ የሚያደርገውም እሱ ነው። በእርስዎ መኪና የፊት አክስሉን የያዙት ሁለት ክንዶች እያንዳንዳቸው በሁለት ብሎን ከአክስሉ ጋር ታስረው፣ ወደ ኋላ ሄደው ሻንሲው ላይ ይያያዛሉ። ሻንሲው ከፍ ሲል የክንዶቹ የኋላ ጫፍ አብሮ ስለሚነሣ አክስሉ ወደ ፊት ይዞራል። ክንዱ 90 ሴንቲሜትር ነው ብንል፣ የ5 ሴንቲሜትር ከፍታ አክስሉን 3 ዲግሪ ገደማ ያዞረዋል፤ ፋብሪካው የሰጠው ካስተር ራሱ በ3 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የሚተርፍዎት በጣም ጥቂት ነው። በድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኝ አንድ ወጥ አክስል) ላይ ቶ-ኢንና ካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ጎን የሚያዘነብልበት መጠን) በከፍታው ምክንያት ስለማይለወጡ፣ ቶ-ኢን ብቻ የለካ ባለሙያ ችግሩን ሊያየው አይችልም። ተመልሰው ካስተሩን በሁለቱም በኩል እንዲለኩልዎ ይጠይቁ።

የመሪው መጥመም ሌላ ጉዳይ ነው። ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ይበልጥ ስላዘነበለ ጎማውን ጥቂት ስቦታል። የዘንጉን ማስተካከያ አላልቶ ርዝመቱን ማስተካከል ይበቃል። መሪውን ነቅሎ ቀጥ አድርጎ መልሶ መግጠም ግን ትክክል አይደለም፤ የመሪ ሳጥኑ ከመሃል ነጥቡ ውጭ ይቀራል።

መልስ 2
በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም አክስሉን ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው የፓናርድ ዘንግ መዘንጋት የለበትም። እሱም ስላዘነበለ አክስሉን ሻንሲው ላይ ወደታሰረበት ወገን ይስበዋል። በዚህ ከፍታ መጠኑ ከጥቂት ሚሊሜትር ስለማይበልጥ አያስጨንቅም፤ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ በመግጠም ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔን የሚያሳስበኝ አንዳንዶች የመሪውን ዘንግ ማሰሪያ ብቻ ዝቅ ማድረጋቸው ነው። የመሪው ዘንግና የፓናርዱ ዘንግ ትይዩ ሆነው ካልቆዩ መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር መሪው ሳይነካ ጎማው ይታጠፋል፤ ይህም በፍጥነት ላይ አደገኛ ነው።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካስተሩን አስለክቼ በግራ 0.5፣ በቀኝ 0.8 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ካስተሩን ለመመለስ ቀዳዳቸው ከመሃል የወጣ ቡሺንጎች (ክንዱ ከአክስሉ ጋር በሚታሰርበት ቦታ የሚገቡ ባለ ላስቲክ ቀለበቶች) ባስገጥም ይበቃል? ወይስ ከፋብሪካው ልክ በላይ ማስጨመር ይሻላል?

መልስ 1
ቡሺንጎቹ ለዚህ ከፍታ ይበቃሉ። ከፋብሪካው ልክ ብዙ አያሳልፉት፤ ምክንያቱም ካስተር ሲጨመር አክስሉ በሙሉ ስለሚዞር የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ዘንጉ የሚገጠምበት ጫፍ) ወደ ታች ይደፋል፣ ከካምቢዮ ወደ ፊት አክስሉ የሚመጣው ዘንግም መገጣጠሚያው ላይ ይበልጥ ይታጠፋል። መኪናዎ ቋሚ ባለ አራት ጎማ ነጂ ከሆነ ያ ዘንግ ሁልጊዜ ስለሚዞር ንዝረቱ ወዲያው ይሰማዎታል።

ሲገጠሙ አጠገባቸው ይቁሙ። የቀዳዳው አቅጣጫ ከተገለበጠ ካስተሩ ከመጨመር ይልቅ የቀረውም ይጠፋል፤ ስለዚህ ቡሺንጉ በፕሬስ ከመግባቱ በፊት አቅጣጫው ክንዱ ላይ ምልክት ይደረግበት። ብሎኖቹም መጨረሻ ላይ የሚጠብቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በአራቱም ጎማ ከቆመ በኋላ ነው፤ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።