ሚሞሪዬ «ፎርማት ይደረግ» እያለኝ ነው፣ የፓርክ ማስታወሻዬ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፣ ድረሱልኝ!

የከዚራዋ ጎብኚ፣ ማታ 12:40
ጀመዓው የምታውቁ ቶሎ በሉ። አሁን ነው የሆነው። ሚሞሪው አልከፍት አለ። «ካርዱ አይነበብም፣ ፎርማት ይደረግ» ይላል፣ ከሥሩ መጫኛ አለው፣ አልነካሁትም። የፓርኩም፣ የምግቡም፣ የሲኒማውም ማስታወሻ እዚያ ነው። የዱባዩም የቢሾፍቱውም። ነገ ጠዋት የአክስቴ ልጆች ከጂቡቲ ይገባሉ፣ አሳያችኋለሁ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳስጎመጃቸው ነው የከረምኩት። ምን ልጫን? ኮምፒውተር ቤት ሳይዘጋ ይዤው ልሩጥ?

ባለ ባጃጅ፣ 12:43
ፎርማት በይው ይሠራል። የእኔም እንደዚሁ ብሎኝ ነበር፣ ፎርማት አድርጌው ይኸው እስከ ዛሬ ዘፈን ይጫወታል።

የሳቢያን ልጅ፣ 12:44
ይሠራል አዎ፣ ባዶውን። እንዳትሰሚው እህቴ።

እማማ ፈቲራ፣ 12:46
አውጪውና ወርቃማውን ጥርሱን በላጲስ ቀስ አድርገሽ ጥረጊው፣ ከዚያ መልሰሽ ክተቺው። የባለቤቴ ሚሞሪ በዚህ ነው ነፍስ የዘራው።

ካርድ ሪደር፣ 12:47
ስልኩ ምንድን ነው? ሚሞሪው ዛሬ ጠዋት የት ነበር?

ጋሽ ነጋቲቭ፣ 12:55
ልጄ፣ አትደንግጪ። ግን ሳልቆጣሽም አላልፍም። በእኛ ጊዜ አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነበር የሚያነሳው፣ ታስቦበት ነበር የሚነሳው። ሲታጠብ ነጋቲቩ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል፣ ፎቶው አልበም ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ቅጂ ደግሞ በባቡር ጂቡቲ ላለ ዘመድ ይላካል። ዛሬ የኮምፒውተር ሰዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ እያሉ የሚመክሩትን እኛ ሳናውቀው ስናደርገው ኖረናል። እናንተ ግን ዕድሜያችሁን ጥፍር በምታህል ነገር ላይ ታስቀምጣላችሁ። ያውም ሚሞሪ ፎቶውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ጭነት ነው እንጂ እንደ ወረቀት በቀለም አይደለም። ሙቀት ሲበረታ ያ ጭነት ቶሎ ይሸሻል። የድሬን ሙቀት ደግሞ ለማን ትነግሪዋለሽ? ስልክሽን መስኮት ላይ ትተሽው ይሆናል። እኔ ሙቀቱ ነው እላለሁ።

የሳቢያን ልጅ፣ 12:58
ጋሼ በአክብሮት፣ አብዛኛው ካርድ እስከ 85 ዲግሪ ይችላል ተብሎ ነው የሚሠራው። የድሬ ፀሐይ 85 አልገባችም። ገና ናት።
እህቴ፣ ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው። የተሰረዘውንም የተበላሸውንም እያነፈነፈ ያወጣልሻል፣ የፋይሉን ስም ግን አይመልስልሽም። ያወጣውን እዚያው ሚሞሪ ላይ አታስቀምጪ፣ በላዩ ይጻፍና የቀረውንም ያጠፋዋል።

ጋሽ ነጋቲቭ፣ 12:59
ስልኩ ውስጥ ያለውንስ ሙቀት ቆጥረኸዋል?

የአራተኛው ሞጋች፣ ማታ 1:02
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ይሄ ሁሉ ኡኡታ ከፍ ብሎ ዝቅ የሚል ባቡር ላይ ለተነሳሽው ፎቶ ነው? በዚያ ላይ «የዱባዩ» ትያለሽ። ባለፈው የለጠፍሽልን ያ ቀይ ጣሪያ ፌራሪ ወርልድ ነው፣ እሱ ያለው ደግሞ አቡ ዳቢ፣ ያስ ደሴት ላይ ነው። ማስታወሻ ማለትም ቁም ነገር የሚጻፍበት ነው። «ዛሬ ሻይ በሳምቡሳ በላሁ» ብሎ ማስታወሻ አለ እንዴ?

የከዚራዋ ጎብኚ፣ 1:09
አንተ ደግሞ ሰው ሲቃጠል ውሃ በመያዝ ፈንታ የእሳቱን ስም ትጠይቃለህ። አዎ አቡ ዳቢ ነው! አውሮፕላኑ ያወረደኝ ዱባይ፣ እህቴ የምትኖረው ዱባይ፣ ለእኔ የዱባይ ጉዞ ነው።
አዎ ሻይ በሳምቡሳም ይጻፋል። ቀኑን ምን ላይ ወጣሁ፣ ምን በላሁ፣ ምን አየሁ፣ ይኸው ነው የእኔ ማስታወሻ። ያ ያልከው ባቡር፣ ፎርሙላ ሮሳ፣ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ እዚያ ለመድረስ አምስት ሰከንድ አይሞላበትም፣ አሸዋና ነፍሳት ዓይን እንዳይመታ መነጽር አድርገው ነው የሚያስቀምጡህ። ይሄንን የትም ታነበዋለህ። እኔ ማታ የጻፍኩት ግን ስወርድ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የበላሁትን ሻዋርማ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱ እስከ ጆሮዬ ነው የተሰማኝ፤ አጠገቤ የነበረች ልጅም «ሁለተኛ አልወጣም» ብላ ምላ ስታበቃ ወዲያው ተመልሳ ተሰለፈች። በነጋታው ዋርነር ብራዘርስ ዎርልድ ገባን። ጠቅላላው ጣሪያ ሥር ነው፣ ውጭው ይነዳል፣ ውስጡ ሹራብ ያስመኛል፤ ብርዱን ያስለቀቀኝ የጎዳናው ከረክ ሻይ ነው። የቢሾፍቱው ኩሪፍቱ የውሃ ፓርክም አለ። ከተንሸራተትኩበት ይልቅ ውሃ ውስጥ ውዬ ስወጣ የነበረኝ ረሃብ ነው የተጻፈው፣ ያን ቀን የቀረበልኝን ጥብስ የትም አላገኘሁትም። ፓርክ በሌለበት ቀን ደግሞ፣ ያው ብዙው ቀን ፓርክ የለውም፣ የቀፊራ ገበያ ሙሸበክ፣ ያ ጣፋጩ፣ ስንት ገባ፣ ማታ ያየሁት ፊልም አጨራረሱ አናደደኝ ወይ፣ እሱን እጽፋለሁ። ከየጽሑፉ ጎን ፎቶ አለ። አሁን ካልገባህ እለፈኝ።
@ካርድ ሪደር ይቅርታ አላየሁህም ነበር። ሚሞሪው አሮጌው ስልኬ ላይ ነበር። ዛሬ አዲስ ገዝቼ ወደ እሱ አዛወርኩት። ግን ስልኩ ምን አገባው? ሚሞሪው ነው የተበላሸው እኮ።

ባለ ባጃጅ፣ 1:10
ሻዋርማውን እዚሁ አስራብሽን። ለማንኛውም ፎርማት።

ካርድ ሪደር፣ 1:12
አንድ ጥያቄ ብቻ። አሮጌው ስልክ «ሞላ» ይልሽ ነበር? መተግበሪያ ወደ ሚሞሪው አዛውረሽ ታውቂያለሽ?

የከዚራዋ ጎብኚ፣ 1:13
አዎ! ሁልጊዜ ሞላ ነበር የሚለኝ። ሚሞሪውን ስገዛ ሰፈር ያለ ልጅ አስተካከለልኝ፣ ከዚያ በኋላ መተግበሪያዎቹም እዚያ ላይ መጫን ጀመሩ። ማስታወሻ የምጽፍበትም እዚያ ነው ያለው።

ካርድ ሪደር፣ 1:21
እንግዲያው ምንም አልተበላሸ ይሆናል። ረጋ ብለሽ አንብቢው።
ከአንድሮይድ 6 ወዲህ (እ.ኤ.አ. 2015 ነው የወጣው) ብዙ ስልክ አዲስ ሚሞሪ ሲገባለት ሁለት ምርጫ ያቀርባል። አንዱ ፖርተብል ነው፤ ሚሞሪው እንደ ፍላሽ ይሆናል፣ ነቅለሽ ሌላ ቦታ ብትሰኪው ይነበባል። ሁለተኛው ኢንተርናል ነው፤ ስልኩ ሚሞሪውን የራሱ አካል ያደርገዋል፣ መተግበሪያ ይጭንበታል፣ በምትኩ ውስጡ ያለውን ሁሉ ይቆልፈዋል። ቁልፉ ሚሞሪው ላይ የለም፣ አሮጌው ስልክ ሆድ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው አዲሱ ስልክ ምንም ሳይገባው «ፎርማት» የሚልሽ። ኮምፒውተርም ቢሆን ያንኑ ነው የሚልሽ። የሳቢያን ልጅ የጠቀሰው ፎቶሬክ ለተራ ሚሞሪ ጥሩ ነው፣ የተቆለፈውን ግን አያነብም። ላጲስም አይከፍተውም፣ እማማ ይቅርታ።
መፍትሔው ሚሞሪውን ወደ አሮጌው ስልክ መመለስ ነው። አጥፍተሽ ክተቺው፣ አብሪው፣ ትንሽ ጠብቂ፣ ሁሉም እንደነበረ ይመጣል። ከዚያ ሌላ ነገር ሳትነኪ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ቅጂው።
አሮጌው ስልክ ሪሴት ከተደረገ፣ ማለት ሁሉም ተጠርጎ እንደ አዲስ ከሆነ ግን፣ ቁልፉ አብሮ ይጠፋል። ያኔ የሚመልሰው ባለሙያ የለም፣ እመልሳለሁ ካለሽ ብርሽን ነው የሚፈልገው። ስልኩ ላይ «ሚሞሪው የለም፣ ይረሳ» የሚል ቢመጣም እንዳይነካ፣ እሱም ያንኑ ነው የሚያደርገው።
ስልኩ የት ነው አሁን?

የከዚራዋ ጎብኚ፣ 1:23
ወንድሜ ይዞት ሐረር ወጥቷል። ዛሬ ማታ ለገዢ ሊያስረክብ ነው። «አጥፍቼ ንጹሕ አድርጌ ነው የምሰጠው» ብሎኝ ነው የሄደው

የሳቢያን ልጅ፣ 1:23
ደውዪ

ካርድ ሪደር፣ 1:23
እዚህ አትጻፊ፣ ደውዪለት!!

ባለ ባጃጅ፣ 1:24
ያ አላህ። ዋርያ ደውዪ ነው የሚሉሽ!

የከዚራዋ ጎብኚ፣ 1:29
አያነሳም። ሚኒባስ ላይ ነው መሰለኝ፣ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የተነሳው

እማማ ፈቲራ፣ 1:30
11 ካለፈ የተነሳ ሰው እስካሁን የድንገጎን ዳገት ጨርሶ ሐረር ገብቷል። መንገድ ላይ ጫት ሊገዛ ካልወረደ። መልእክትም ላኪለት፣ ወንድ ልጅ ሲደወልለት ባያነሳም ብር ነው ብሎ መልእክት ያያል። «ብር ልኬልሃለሁ» ብለሽ ጀምሪው።

የአራተኛው ሞጋች፣ 1:33
እኔ እዚሁ ሐረር፣ አራተኛ ሰፈር ነኝ፣ መናኸሪያው ሩቅ አይደለም። ምን እንደለበሰና ስልኩ ምን ዓይነት እንደሆነ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ሄጄ ልፈልገው። ገዢውን የት እንደሚያገኘው ካወቅሽም ንገሪኝ። ስለ ሻይ በሳምቡሳው ኋላ እንከራከራለን።

ጋሽ ነጋቲቭ፣ 1:36
ሦስት ቅጂ ብያለሁ።

የሳቢያን ልጅ፣ 1:36
ጋሼ አሁን ጊዜው አይደለም 🙏

ባለ ባጃጅ፣ 1:38
ሐረር ስልክ ገዢው ጅብ ባይሆን ጥሩ ነበር፣ እሱ ሥጋ ብቻ ነው የሚቀበለው።

የከዚራዋ ጎብኚ፣ 1:44
አነሳ!! ሁልበት መረቅ እየበላ ነው፣ ገዢው ከፊቱ ተቀምጧል። «እሺ አልሰጠውም ግን ጀምሬዋለሁ» አለኝ። ምኑን ነው የጀመርከው ስለው ተቋረጠ። እንደገና ስደውል ተይዟል ይላል

ካርድ ሪደር፣ 1:50
ጀመርኩ ያለው ፎቶ መሰረዝ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሚሞሪው አንቺ ጋ ስላለ እሱ ላይ ያለውን ሊሰርዝ አይችልም፣ የሚጠፋው ስልኩ ላይ የቀረው ነው። ከአካውንት መውጣትም ከሆነ ቁልፉን አይነካውም። ስልኩ ጠፍቶ «እንኳን ደህና መጡ፣ ቋንቋ ይምረጡ» እያለ ከተነሳ ግን አብቅቷል።
ለዚያ ለክፉው ቀን ደግሞ ከአሁኑ ሁለት ቦታ እይ። አንደኛ፣ ጉግል ፎቶስ አሮጌው ስልክ ላይ ክፍት ከነበረ በራሱ ሲልክልሽ ኖሮ ይሆናል፣ ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፣ እስኪሞላ ያለው ይገኛል። በዚያው ኢሜይል ግቢና እይው። ሁለተኛ ቴሌግራም። ለእህትሽ፣ ለጓደኛ፣ እዚህም ለእኛ የላክሽው ፎቶ ሁሉ ሰርቨሩ ላይ አለ፣ ጥራቱ ቢቀንስም። የሰውዬውን ስም ከፍተሽ «ሚዲያ» የሚለውን ንኪው፣ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ታገኚዋለሽ። ጽሑፉን ግን መተግበሪያው በኢሜይል የሚገባበት ካልሆነ ወይ አሮጌው ስልክ ወይ ምንም ነው። የጽሑፍ መተግበሪያው ስም ማን ነው? በኢሜይል ነበር የምትገቢበት?

እማማ ፈቲራ፣ 1:57
ሙሸበኩን ግን ከቀፊራ በየት በኩል ነው የምትገዢው? የእኔዋ ሴትዮ ስኳሩን አብዝታለች።

የአራተኛው ሞጋች፣ 2:20
መናኸሪያ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ እንደምትዪው ያለ ልጅ አላየሁም። ሁልበት የሚሸጥባቸው ቤቶች ደግሞ አንድና ሁለት አይደሉም። ሁለቱን ገብቼ አይቻለሁ፣ በሁለተኛው ራሴም በላሁ። አነሳልሽ ወይ?

ካርድ ሪደር፣ 3:05
የከዚራዋ?

የሳቢያን ልጅ፣ በነጋታው ጠዋት 2:15
እህቴ ምን ሆንሽ? ልጆቹ ገቡ? ቢያንስ አንድ ቃል ጣይልን።

ባለ ባጃጅ፣ ጠዋት 4:30
እስክትመጣ የእኔን ላስቀድም። ትናንት ካነበብኩ በኋላ ፈርቼ አዲስ ሚሞሪ ገዛሁ፣ ስከተው እውነትም ሁለት ምርጫ አመጣ። የዘፈኑን ሚሞሪ ነቅዬ ነው ይሄን የከተትኩት። የቱን ልንካ? ስልኬ ግን ሞላ ማለት ጀምሯል።

ካርድ ሪደር፣ ጠዋት 4:41
ፖርተብል። ዘፈንና ፎቶ ወደ እሱ ይሂድ፣ መተግበሪያው ስልኩ ላይ ይቅር። ቦታ የሚበላብህ ቴሌግራም ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ «ዳታና ስቶሬጅ» ግባና ካሼውን፣ ለጊዜው ስልኩ ላይ ያስቀመጠውን፣ አጽዳ፣ ፎቶው ሰርቨር ላይ ስላለ አይጠፋብህም። ሚሞሪው ላይ የተጻፈው መጠን ልክ መሆኑን ደግሞ ዛሬውኑ ፈትሽ፤ ገበያ ላይ 512 ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 32 የማይሞላ አለ። ሲከተት 512 ነኝ ይልሃል፣ ከልኩ ሲያልፍ የቀደመውን መብላት ይጀምራል። ኮምፒውተር ላይ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ እያነበበ ይነግርሃል። ሰዓታት ይፈጃል፣ ማታ ጀምረህ ተኛ። ዘፈኑን የምትገለብጠው ከዚያ በኋላ ነው።