ሃኒሳክሌ ቅጠል ብቻ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። አጥሬ ላይ ሃኒሳክል የሚባል አበባ የሚያወጣ ሐረግ አለኝ። ጫካውን የወረረው የጃፓኑ ዓይነት ሳይሆን የአገሩ ተወላጅ፣ ቀይና ረጅም ቱቦ የሚመስል አበባ ያለው ነው። አጥሩን ጥቅጥቅ አድርጎ ሸፍኖታል፤ አበባ ግን የለም። ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ብቻ ነው። አጠገቡ ላለው ሳር ደግሞ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ይረጫል።

አሁን የለጋው ጫፍ መጠቅለል ጀምሯል። ቅጠሉን ገልበጥ ሳደርገው ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንንሽ ተባይ) ወሮታል፤ እጅ ላይ ይጣበቃል። ሃሚንግበርድ የምትባለው የአበባ ማር የምትመጥ ትንሽ ወፍ እንድትመጣልኝ ስለተከልኩት መርዝ መርጨት በፍጹም አልፈልግም።

እባካችሁ፣ ይህን ተክል የምታውቁ ንገሩኝ። ጥፋቱ የጥላው ነው ወይስ የማዳበሪያው? አበባው በብዛት ባለፈው ዓመት ቅርንጫፍ ላይ ስለሚወጣ፣ አሁን ብቆርጠው የዘንድሮውንም እንዳላጣ ፈራሁ። ነቅዬ ፀሐይ ወዳለበት ባዛውረውስ ይጸድቃል? ለክሽክሹስ የሳሙና ውሃ ይበቃል?