ለአዲስ ተማሪዎች ላፕቶፕና ኢንተርኔት፦ ለጉባኤው የሚቀርብ የጋራ ረቂቅ

ፀሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤው እንዲቀርብ የተጣለው ሐሳብ ይኼ ነው፦ «ማኅበሩ ውጭ አገር ለሚማሩ አዲስ አባላት ላፕቶፕ በጅምላ ገዝቶ በረጅም ጊዜ ክፍያ ያከፋፍል።» በጅምላ ሲሆን ዋጋው ይቀንሳል፣ ልጆቹም ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጭንቀት ይቀንስላቸዋል ተብሎ ነው። ያልተዋጠላችሁ ካለ አሁን ተናገሩ። ጉባኤው ላይ አዲስ ክርክር አልፈልግም።

የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ፦
እኔ አልተዋጠልኝም። አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ለሁሉም እንዴት ይሆናል? ሶሊድወርክስ፣ የማሽን ዲዛይን የምንሠራበት ሶፍትዌር፣ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። እኛ ክፍል ማክ ይዞ የመጣ ልጅ ላብ ውስጥ ወረፋ ሲጠብቅ ይውላል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ደግሞ ከባድ ግራፊክስ ካርድ ምን ይሠራለታል? ትርፉ ክብደት መሸከም ነው። መጀመሪያ ዲፓርትመንቱ የሚጠይቀው ሶፍትዌር ይታወቅ። ድረ ገጹ ላይ ከሌለ ለዲፓርትመንቱ ኢሜይል መጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ ይገዛ።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔም አልደግፈውም፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ዋስትናው የተገዛበት አገር ላይ ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ሞልቷል። እዚያ ሄዶ ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ልጁ የሚደውለው ለእኛ ነው። እኛ ጥገና ቤት አይደለንም። ክፍያውንስ በየወሩ ማን ሊሰበስብ ነው? እኔ እንደምሆን ስለማውቅ ከወዲሁ አይሆንም ብያለሁ።

የማስተርስ ተማሪ፦
ጋሼ ልክ ነዎት። ግን እዚያ ደርሶ መግዛትም የራሱ ነገር አለው። የጀርመን ኪቦርድ ላይ ዜድና ዋይ ቦታ ተቀያይረዋል፣ የፈረንሳዩ ላይ ኤ እና ኪው። እሱስ ይለመዳል። እኔን የሚያሳስቡኝ ያገለገለ የሚገዙት ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ (ነፃው የደኅንነት ማሻሻያ) እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ወደ 11 የማያድግ ማሽን በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ልጅ አይጠፋም። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ባይነካ ይሻለዋል።

ሌላው፣ ከድርጅት የወጣ ላፕቶፕ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት እዚያው ሻጩ ፊት ሪሴት አድርገው፣ ከኢንተርኔት ጋር አገናኘው። ሲነሳ የማታውቀውን ድርጅት ኢሜይል ከጠየቀህ በቃ፣ የራስህ አይሆንም። ሻጩ «ይኼማ ቀላል ነው፣ አስከፍትልሃለሁ» ካለ ደግሞ ጥለኸው ውጣ። የባትሪ ሪፖርትም አስወጣ፤ አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳይሃል። ግማሽ ከደረሰ ዋጋው ላይ ተከራከር።

ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) 16 ጊጋ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀጫጭኖቹ ላይ ብዙ ጊዜ ቦርዱ ላይ ስለሚበየድ በኋላ ልጨምር ማለት የለም።

የነርሲንግ ተማሪ፦
ሁላችሁም ላፕቶፕ ላፕቶፕ ትላላችሁ። ኢንተርኔት ከሌለው ምን ያደርግለታል? ሰው የሚያብደው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሲም ልታወጣ ስትሄድ አድራሻ አምጣ የሚሉህ ቦታ አለ። አድራሻ እንዲኖርህ ቤት አከራይ ጋ መደወል አለብህ። ለመደወል ሲም! ባንክህ ደግሞ የማረጋገጫ ኮዱን ወደ ድሮው ቁጥርህ ይልካል። ስለዚህ የድሮው ሲም አይጣል፣ ሮሚንጉም፣ ማለት ሲሙ ውጭ አገር እንዲሠራ የሚያደርገው፣ ከመነሳት በፊት ይከፈት። ኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም) ለመጠቀም ያሰበ ስልኩ እንደሚቀበልና ለአንድ ኔትወርክ እንዳልተቆለፈ ይይ።

ኤዱሮም የሚባለውን የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ዋይፋይም ብዙዎች ዘግይተው ነው የሚሰሙት። ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ አለ። የዩኒቨርሲቲ አካውንትህ ከተከፈተ ፕሮፋይሉን ቤትህ ሆነህ ትጭነዋለህ። ግቢው ስትደርስ ስልክህ ራሱ ይገናኛል፤ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድም እንዲሁ። ግቢ ደርሼ እጭነዋለሁ ያለ ግን ለመጫኛው ኢንተርኔት ፍለጋ ይዞራል።

ዶርም ውስጥ ዋይፋይ ሳይኖር የግድግዳ የኔትወርክ ሶኬት ብቻ የሚያገኝም አለ። ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የላቸውም። ትንሿ አዳፕተር ያኔ ነው የምትናፍቀው።

የማስተርስ ተማሪ፦
ከግቢ ውጭ የሚከራይ ደግሞ የውሉን ዘመን ይይ። የአንድ ዓመት ትምህርት ይዞ የ24 ወር የኢንተርኔት ውል መፈረም ጤና አይደለም። ቻይና የሚሄድ ጂሜይል እዚያ በመደበኛው ኢንተርኔት እንደማይከፈት አውቆ፣ የቅበላ ደብዳቤውን አውርዶ ይሂድ። ለዩኒቨርሲቲው የሰጠው ኢሜይል ጂሜይል ከሆነ ከመሄዱ በፊት ያስቀይረው።

ፀሐፊ፦
እሺ፣ ጅምላው ይቅር። አዲሱ ረቂቅ እንዲህ ይነበባል፦

«ማኅበሩ ላፕቶፕ በጅምላ ገዝቶ አያከፋፍልም። አዲስ ተማሪ ከመግዛቱ በፊት በዚያው የትምህርት ዘርፍ ያለ ነባር አባል የሶፍትዌር ዝርዝሩን አብሮት ያያል። ከጉዞ በፊት አንድ ምሽት ተሰብስበን ኤዱሮም እንጭናለን፣ ሰነድ እናወርዳለን፣ ሮሚንግ እናስከፍታለን። ነባር አባላት ባሉባቸው ከተሞች ለአራት ሳምንት የሚዋሱ ላፕቶፖችና የኔትወርክ አዳፕተሮች ይቀመጣሉ።»

ገንዘብ ያዥ፦
የተዋሰው ቢሰብረውስ? ፈርሞ ይውሰድ፣ ሲመልስም የግል ፋይሉ ተጠርጎ ይጥፋ። ይኼ ይጨመር። ሌላ ደግሞ ማሳሰቢያ አስገባ፦ ላፕቶፕና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ፓወር ባንክ ወደ ካርጎ አይገባም፤ ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት ከሆነ ደግሞ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ከተጻፈ መቀየር ያለበት ሶኬቱ ብቻ ነው፤ ትራንስፎርመር የሚሸከም እንዳይኖር።

የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ፦
ለውሰት የሚሆኑትን አሮጌዎቹን ሰብስቡልኝ፣ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ልጫንባቸው። ፈጣን ይሆናሉ።

የነርሲንግ ተማሪ፦
ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይሁን። ለኦንላይን ፈተና ግን አይሆንም። የእኛ ፈተና የሚከፈትበት፣ ሌላ ነገር እንዳትከፍት የሚያግደው መቆለፊያ ብራውዘር ሊኑክስ ላይ አይሠራም። ቢያንስ በየከተማው አንዱ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ይሁን።

ፀሐፊ፦
ገብቷል። ለውሰት ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ስንት ይገዛ?

ገንዘብ ያዥ፦
ሦስት። አራተኛ የሚፈልግ የራሱን ይለግስ።