የሻገተ በቆሎ፣ የጉበት ቫይረስና የሽፈራው ዱቄት፤ እማዬን ምን ላድርጋት?

የሂርማታዋ

ሰላም ጅማዎች። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። እማዬ 58 ዓመቷ ነው፣ ባለፈው ወር ድካም ድካም ሲላት አንድ ክሊኒክ ወሰድኳትና በደም ምርመራ ሄፓታይተስ ቢ አለባት ተባልን። ወረቀቱን ሰጡን፣ ቅባት ትቀንስ እረፍት ታድርግ ብለው ሸኙን፣ በቃ። ሌላ ምርመራ ይኑር አይኑር፣ እኛ ልጆቿስ እንመርመር አንመርመር የነገረን የለም። እኔም ከድንጋጤዬ የተነሳ ሳህኗን ለየሁ፣ የስኒዋ ጆሮ ላይ ደግሞ እንዳይቀላቀል ብዬ ቀይ ክር አሰርኩበት። አይታ ምንም አላለችኝም፣ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ ቡና ሲፈላ ራቅ ብላ በሩ ጋር ነው የምትቀመጠው።

ሁለተኛው ነገር በቆሎው ነው። በየዓመቱ ከገጠር ይመጣልናል፣ ዘንድሮ ዝናቡ አላቆም ብሎ በደንብ ሳይደርቅ ነው ጎምቢሳ (ጎተራ) የገባው። ጆንያውን ስፈታው እርጥብ ምድር ቤት ይሸታል፣ አንዳንዱ ፍሬ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዱቄት ነገር አለው። የባሰበትን እየለቀምን ለከብት፣ የተረፈውን እያጠብን እያሰጣን አስፈጭተን ቂጣና ገንፎ ስንበላ ከረምን። አሁን ነው ሻጋታው መርዝ አለው ጉበት ነው የሚመታ ሲሉ የሰማሁት።

ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ከልባቸው አዝነው የሽፈራው (የሞሪንጋ ቅጠል) ዱቄትና የግራዋ ጭማቂ አመጡልን፣ አንቲኦክሲደንት (ሰውነትን ከጉዳት የሚጠብቅ ነገር) ነው መርዙን ከጉበት አጥቦ ያወጣል አሉ። እማዬ ጠዋት ማታ ትጠጣለች። እውነት ያወጣል? በቆሎውንስ ምን ላድርገው? የምታውቁ እባካችሁ።

ነርሷ ከቆጪ

እህቴ መጀመሪያ ያን ቀይ ክር ዛሬውኑ ፍቺው። ሄፓታይተስ ቢ በሳህን፣ በስኒ፣ በጉርሻ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ስጋና ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ነው። ለብቻ መሆን ያለበት ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫ፣ የጥርስ ብሩሽና መርፌ ነው፣ ሌላውን እንደ ድሮው አብራችሁ ብሉ። እናትሽን አጠገብሽ አስቀምጫቸው እባክሽ፣ ይሄን ስጽፍ ራሱ አንጀቴ ተላውሷል።

ቀጥሎ፣ አለባቸው የሚለው ወረቀት መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ቫይረሱ በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ የቫይረስ መጠን ምርመራ አለ፣ ጉበቱ መጎዳቱን የሚያሳይ የጉበት ኢንዛይም ምርመራ አለ፣ አልትራሳውንድ አለ። ብዙ ሰው ተሸካሚ ሆኖ መድሃኒት ሳያስፈልገው በየ6 ወሩ እየታየ ይኖራል። ለሚያስፈልገው ደግሞ ቴኖፎቪር የሚባል በቀን አንዴ የሚዋጥ ኪኒን አለ፣ ቫይረሱን ጨርሶ ባያጠፋውም ያስተኛዋል። የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ውሰጃቸው፣ ቅባት ቀንሱ በሚል ምክር ብቻ አትመለሺ።

እናንተ ልጆች ደግሞ ሁላችሁም ተመርመሩ። እኛ ሀገር ለህፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የገባው በፈረንጅ 2007 ነው፣ ስለዚህ ከዛ በፊት የተወለደ ሰው በልጅነቱ አላገኘውም ማለት ነው። ነፃ ከሆናችሁ ለአዋቂ 3 መርፌ ነው፣ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ። አታቋርጡት። የወፍ በሽታ ነው ብለው በምላጭ በጥተው ቅጠል የሚቀቡ ጋር ደግሞ በፍፁም እንዳትሄዱ፣ በአንድ ምላጭ ስንት ሰው እንደሚበጣ እኛ ነን የምናውቀው።

ላብራቶሪው

ነርሷ የጉበቱን ስለጨረሰችው እኔ ስለ ሻጋታውና ስለ ቅጠሉ ልበል፣ ማስተርሴን የሰራሁት በመድሃኒት ዕፅዋት ላይ ስለሆነ ነገሩ ይነካኛል።

የሻጋታው መርዝ አፍላቶክሲን ይባላል፣ አስፐርጊለስ ፍላቨስ ከሚባለው ሻጋታ ነው ስሙም የመጣው። የታወቀው በፈረንጅ 1960 እንግሊዝ ሀገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች የሻገተ የኦቾሎኒ መኖ በልተው ሲያልቁ ነው። ኬንያ ውስጥ ደግሞ በፈረንጅ 2004 ያልደረቀ በቆሎ ቤት ውስጥ አከማችተው የበሉ ሰዎች 317 ታመው 125 ሞተዋል፣ ይሄ ሩቅ ሀገር አይደለም፣ በቆሎውም የኛው አይነት በቆሎ ነው። በትንሽ በትንሹ ለዓመታት ሲበላ ደግሞ ወዲያው አይገድልም፣ ጉበት ውስጥ ሲገባ የጉበቱ ኢንዛይም ራሱ ወደ ሌላ ኃይለኛ ነገር ይቀይረውና ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል፣ ካንሰር የሚጀምረው ከዛ ነው።

አሁን ቫይረሱና መርዙ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን ይሆናል ለሚለው፣ ሻንጋይ ውስጥ ከ18 ሺህ በላይ ወንዶችን ተከታትለው ያዩት ነገር አለ። ሁለቱም ከሌለበት ሰው ጋር ሲነጻጸር፣ የአፍላቶክሲን ምልክት ብቻ የተገኘበት ሰው በጉበት ካንሰር የመያዝ አደጋው ወደ 3 እጥፍ፣ ቫይረሱ ብቻ ያለበት ወደ 7 እጥፍ፣ ሁለቱም ያለበት ግን ወደ 60 እጥፍ ነበር። ቁጥሩን የማመጣው ላስደነግጥሽ አይደለም እህቴ፣ እናትሽ ከዛ ጆንያ አንድ ቂጣ እንኳ መብላት የለባቸውም ለማለት ነው። ማጠብ አያወጣውም፣ ምጣድና ድስትም አያጠፋውም፣ ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት የሚችል መርዝ ነው። ለከብት የሰጣችሁት ደግሞ ላሟ ከበላችው በወተቷ ተመልሶ ወደ እናንተ ይመጣል፣ ስለዚህ እሱንም አቁሙ።

ወደ ቅጠሉ ስመጣ። ላቦራቶሪ ውስጥ አንቲኦክሲደንት የምንለካበት ዲፒፒኤች የሚባል ደማቅ ሐምራዊ ፈሳሽ አለ፣ የቅጠሉን ጭማቂ ጠብ ስታደርጊበት ሐምራዊው እየለቀቀ ቢጫ ይሆናል፣ በቶሎ ከለቀቀ ቅጠሉ ጠንካራ ነው ትያለሽ። እኔም መጀመሪያ ቀን የግራዋን ሳየው መድሃኒት ያገኘሁ መስሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ግን ሻይም ቡናም ሎሚም ያንን ሐምራዊ ያስለቅቁታል። ቅጠሉ ሆድ ውስጥ ሲገባ ስንቱ ይፈጫል ስንቱ ደም ውስጥ ይገባል ስንቱ ጉበት ይደርሳል የሚለውን ብልቃጡ አይነግርሽም። አይጥ ላይም ብዙ ጊዜ የሚሰራው ቅጠሉን ቀድሞ ሰጥቶ መርዙን በኋላ በመስጠት ነው፣ ዓመታት የተጎዳ የሰው ጉበት ሌላ ነገር ነው።

ሰው ላይ የተሞከረም አለ። ቻይና ቺዶንግ የሚባል የጉበት ካንሰር የበዛበት ቦታ ለ180 ሰው ለ4 ወር፣ ግማሹ ከክሎሮፊል (ከቅጠል አረንጓዴ ቀለም) የተሰራ ኪኒን በቀን 3 ጊዜ ከምግብ ጋር ሲወስድ፣ አፍላቶክሲን ዲኤንኤ ላይ ያደረሰውን ጉዳት የሚያሳየው ምልክት ሽንታቸው ውስጥ በ55 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ደስ ይላል። ግን የሰራው በዋናነት መርዙን አንጀት ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ በማድረግ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ የገባውን አጥቦ በማውጣት አይደለም። በሌላ በኩል ፊንላንድ ውስጥ ከ29 ሺህ በላይ አጫሾች ላይ ቤታ ካሮቲን የሚባለው፣ ካሮት ውስጥ ያለው አንቲኦክሲደንት በኪኒን ሲሞከር፣ ይቀንሳል የተባለው የሳንባ ካንሰር የወሰዱት ላይ በ18 በመቶ ጨምሮ ነው የተገኘው፣ በፈረንጅ 1994 ላይ ሲወጣ ዓለም ደነገጠ። ካሮት የበላ ሰው ተጎዳ ማለት አይደለም፣ ከካሮቱ አውጥተሽ በኪኒን ስታጭቂው ሌላ ነገር ይሆናል ማለት ነው። ለዛ ነው ሽፈራው እንደ ጎመን ተቀቅሎ ቢበላ ምንም ቅር የማይለኝ፣ ጠዋት ማታ በማንኪያ ተለክቶ እንደ መድሃኒት ሲወሰድ ግን የሚከብደኝ። ግራዋውን ለጊዜው ያቁሙትና ለሐኪሙ ይነገረው፣ የጉበት ኢንዛይም ሲለካ ምን እየጠጡ እንደሆነ ካላወቀ ውጤቱ ያሳስተዋል።

ግራዋ ያደነው

ላብራቶሪው አክብሬህ ነው ግን እኔ በግራዋ ነው የዳንኩት። ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ሽንቴ ኮካ መስሎ ነበር፣ እናቴ በ3 ሳምንት አቆመችኝ። ፈረንጅ ያላጠናው ሁሉ ውሸት ነው እንዴ፣ እንዶድን እንኳ ልብስ ስናጥብበት ኖረን ነው በኋላ ያወቁት።

ላብራቶሪው

ወንድሜ እንኳን ተረፍክ። እንዶድን ማንሳትህ ጥሩ ነው፣ እሱን ያወቀው ግን የኛው ሰው ነው፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጅ 1964 አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያይ ነው የጀመረው። ግን አይቶ አላቆመም፣ ለካው፣ ውሃ ውስጥ ሞከረው፣ ሌላ እንስሳ ይጎዳል ወይ ብሎ አጣራ፣ ስንት ዓመቱን ሰጠው። ለግራዋም የምመኝለት እሱን ነው።

ያንተ የነበረው ሄፓታይተስ ኤ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በምግብና በውሃ ይመጣና አብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል፣ ሄፓታይተስ ቢም ራሱ አዋቂ ላይ አዲስ ሲገባ አብዛኛው ሰውነት ያባርረዋል። ቅጠል ሁሉ ደግሞ ለጉበት ወዳጅ አይደለም። ሰሜን ምዕራብ ትግራይ ታህታይ ቆራሮ ከፈረንጅ 2001 ጀምሮ ሰው ሆዱ እየተነፋ ሲሞት ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም ነበር፣ በኋላ የተደረሰበት ከእህል ጋር የሚቀላቀል የአረም ዘር መርዝ ሆኖ ነው። ተፈጥሮ ነው፣ ተክል ነው፣ ጉበት ግን ጨረሰ። ቫይረሱ ያለበት ሰው ላይ እንዲሁ መሞከር የምፈራው ለዚህ ነው።

አባ ቡና ከማና

ልጄ ለበቆሎው እኔ ልንገርሽ፣ 30 ዓመት አምርቻለሁ። ደርቋል አልደረቀም በጥርስ አይለይም። ደረቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰጂ፣ በቆሎውን እስከ ሲሶው ሙዪበት፣ ደረቅ የገበታ ጨው ጨምሪና አንድ ደቂቃ ያህል ደህና አድርገሽ ናጪው፣ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥብ ነው ለማከማቻ አይሆንም፣ ወደ ታች ከረገፈ ደህና ነው። ለከርሞ አፈር ላይ አታስጡ፣ ሻጋታው ከአፈር ነው የሚነሳው፣ ሸራ ላይ ይሁን። የተሰበረና ነቀዝ የበላው ፍሬ መጀመሪያ የሚሻግተው እሱ ስለሆነ ሲፈለፈል ይለቀም፣ ዱላም አይብዛበት። በደንብ ከደረቀ በኋላ ሦስት ድርብ የሆነው አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፣ ነቀዙም ያለ መድሃኒት ታፍኖ ይሞታል። ያን የነቀዝ ኪኒን የሚሉትን ደግሞ ሰው በሚተኛበት ቤት እንዳታስገቡ፣ እርጥበት ሲያገኘው ጋዝ ይለቃል፣ ቤተሰብ ሙሉ ይገድላል።

እናትሽ ቡናቸውን ጠጥተው ይሆን? ቡና ተከልክለው እንዳይሆን።

ነርሷ ከቆጪ

አባ ቡና እግዜር ይስጥልኝ። ቡናውን አይከለከሉም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በፈረንጅ 2016 ሲያየው ቡና የሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ካንሰር አነስ ብሎ ነው ያገኘው። መድሃኒት ነው አልልም፣ ግን ለእኚህ እናት የሚነፈጋቸው ነገር አይደለም። የሚከለከሉት አልኮል ነው፣ ጠላም አረቄም።

የሂርማታዋ

አመለጥኳችሁ፣ ሳምንት ሙሉ ሩጫ ላይ ነበርኩ። ክሩን የዛኑ ዕለት ማታ ፈታሁት። ምንም ሳልናገር ስኒዋን ከኛ ጋር ረከቦቱ ላይ ስደረድረው እማዬ አየችኝ፣ ከበሩ ተነስታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ አቦሉን ራሷ ቀዳች። ሐኪም ጋር ሄደናል፣ ኢንዛይሟ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ አልትራሳውንዱ ደህና ነው፣ የቫይረስ መጠኑ ውጤት እየጠበቅን ነው። ግራዋውን አቁማለች፣ ለእትዬም አስረድተናቸው ገብቷቸዋል። እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ነፃ ነን፣ የመጀመሪያውን መርፌ ተወግተናል። ትልቋ እህታችን ተገኝቶባታል፣ እሷም ክትትል ጀምራለች።

የጨዉን ነገር በሦስቱም ጆንያ ሞከርኩት፣ ሁለቱ ላይ ጠርሙሱ በረዶ የመታው መሰለ፣ አንዱ ላይ ረገፈ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ከዛው በቆሎ ቀድሞ የተፈጨ ዱቄት በእንስራ አለን፣ ምንም አይሸትም፣ እሱስ ይጣል? አባቴ እህል መጣል ነውር ነው ብሎ እሺ አላለኝም።

ላብራቶሪው

ይጣል። ሽታው ከሻጋታው ነው፣ መርዙ ግን አይሸትም፣ ዱቄት ሲሆን ደግሞ የታመመውን ፍሬ ከደህናው መለየት አይቻልም። ጨው የረገፈበት ጆንያም አሁን መድረቁን ነው የሚናገረው፣ ድሮ ሻግቶ ከነበረ መርዙ አብሮት ደርቋል፣ ስለዚህ ፍሬ በፍሬ እዪው፣ አረንጓዴ ካለበት እሱም አይሁን። አባትሽን እንዲህ በያቸው፣ ከብትም ዶሮም በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት፣ ጉድጓዱን እሳቸው ራሳቸው ይቆፍሩት።