መብረቅ ሪሲቨራችንን መታው፣ ሌላ ደመና እየመጣ ነው!

የሂርማታዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አሁን እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር መብረቅ ጮኸ። ሪሲቨሩ ጧ አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። መብራት የለም። ጓሮው በበረዶ ነጭ ሆኗል። በአጋሮ በኩል ደግሞ ሌላ ጥቁር ደመና እየመጣ ነው። እሱስ ይብሳል ወይ? ትናንት ዝናብ ብቻ ጥሎ አልፎ ነበር። የዛሬው ለምን ከፋ? ሙቀቱ ነው አይደል?

የቆጪ ልጅ፦ አይዞሽ እህቴ። ሶኬቶቹን ንቀይ።

ኤሌክትሪሻን፦ አሁን አትንኪ! ሶኬት የሚነቀለው ደመናው ሳይደርስ ነው። ጭስ ካለ ልጆቹን ይዘሽ ከክፍሉ ውጪ። ለወደፊቱ የዲሹንም ገመድ ንቀይ፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳል። ስቴብላይዘር መብረቅ አይመክትም።

እናት ዓለም፦ መስታወቱን በነጠላ ሸፍኚ ልጄ። እናቴ እንዲያ ታደርግ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦ ሙቀት ብቻውን አያደርገውም። ቢያደርገው ሰመራ ከመብረቅ አትወጣም ነበር። እርጥበት ያስፈልጋል፣ ከላይ ቀዝቃዛ አየር ያስፈልጋል፣ የሚገፋም ያስፈልጋል። ጅማን የከበቡት ተራሮች አየሩን ወደ ላይ ይገፉታል። እንፋሎቱ ወደ ውሃ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፣ አየሩም የበለጠ ይወጣል። እላይ የበረዶ ቅንጣቶች ሲጋጩ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦ አያልቅም።

የሂርማታዋ፦ ጋሼ፣ ጠዋት ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ልብስ ግን እስከ ስድስት ሰዓት አልደርቅ አለኝ።

ጡረተኛው መምህር፦ እሱ ነው እንግዲህ! ልብሱ ያልደረቀው አየሩ እርጥበት ስለጠገበ ነው። የዛሬው ጉልበት ከዚያ ነው የመጣው።

የጅሬን ሰው፦ ሁለተኛውስ ይብሳል ወይ? የጠየቀችው እኮ እሱን ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ መሬቱ ስለቀዘቀዘ ብዙ ጊዜ አቅም ያንሰዋል። ግን የታችኛውና የላይኛው ነፋስ በአቅጣጫና በፍጥነት በጣም ከተለያዩ ደመናው ያጋድላል። ያኔ ዝናቡ የሚወጣውን አየር አያፍነውም፣ ዕድሜው ይረዝማል። ብልጭታ ስታዪ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሪ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ከቤት እንዳትወጪ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቂ።

የቆጪ ልጅ፦ ሶኬቶቹን ነቀልሽ?

ኤሌክትሪሻን፦ አትንኪ አልኩ! ከመስኮቱም ራቂ።

የጅሬን ሰው፦ እኛ ጋ አሁን ጀመረ። ስምንት ቆጠርኩ። የሂርማታዋ፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ?