ክብደት ለብሶ ደረጃ መውጣት አቃተኝ፤ ለእሳት አደጋ ፈተና እንዴት ልዘጋጅ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካና በካናዳ ለእሳት አደጋ ተከላካይነት የሚሰጠው ሲፓት የሚባል የአካል ብቃት ፈተና ይጠብቀኛል። ስምንት ክፍል አለው፣ ሁሉም በ10 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ማለቅ አለበት። ሩጫ ላይ ችግር የለብኝም። ክብደት ለብሼ የደረጃ ማሽኑ ላይ ስወጣ ግን እግሬ ወዲያው ይዝላል። ሩጫ ልጨምር? ደግሞ ቀጠን ያልኩ ሴት ነኝ፤ "ለሴት መስፈርቱ ይቀንሳል" የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

ፈተናውን ያለፈ፦
አይቀንስም እህቴ። ለሁሉም አንድ ነው። ደረጃው ላይ የምትለብሺው ሰደርያ 22.7 ኪሎ ነው፣ ትከሻሽ ላይ ደግሞ 11.3 ኪሎ ይጨመራል። በድምሩ 34 ኪሎ ማለት ነው። ከአጭር ማሟሟቂያ በኋላ በደቂቃ 60 እርምጃ ለ3 ደቂቃ ትወጫለሽ። የትከሻው ይወርዳል፣ ሰደርያው ግን እስከ መጨረሻው አብሮሽ ነው። በክፍሎቹ መካከል 26 ሜትር ገደማ መንገድ አለ። እዚያ መሮጥ ክልክል ነው! ብዙ ሰው ይበሳጫል እንጂ ለኔ ትንፋሽ መሰብሰቢያዬ ነበር።

የጂም አሰልጣኝ፦
ሩጫ አትጨምሪ። ችግርሽ ልብና ሳንባ ብቻ አይደለም። 55 ኪሎ ብትሆኚ 34ቱ ኪሎ ከክብደትሽ ከ60 በመቶ በላይ ነው፤ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግን ከ40 በመቶ በታች ነው የሚሸከመው። ቀጭን ሯጭ ደረጃው ላይ የሚሸነፈው በዚህ ነው። ስለዚህ ጭን፣ ቂጥና ጀርባ ይጠንክሩ፦ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ዴድሊፍት (ክብደት ከመሬት ማንሳት)፣ ከፍ ያለ ሳጥን ላይ መውጣትና መውረድ። የደረጃ ልምምዱን መጀመሪያ ያለ ክብደት፣ ከዚያ በቀላል ሰደርያ አድርጊው፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሪ። ሰደርያ ለብሰሽ አትሩጪ፣ ጉልበትሽን ትጎጂዋለሽ። የእጅ ጥንካሬም አትርሺ። ወደ ፈተናው መጨረሻ 75 ኪሎ የሚመዝን የሰው አሻንጉሊት መጎተት አለ።

ጠርጣራው፦
እኔ እንደዚህ ያለ ፈተና ሁሉ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ካናዳ ውስጥ ቶኒ ሜዮሪን የምትባል የደን እሳት ተከላካይ ነበረች። ሥራዋን በደንብ እየሠራች ሳለ አዲስ መስፈርት መጣ፤ 2.5 ኪሎ ሜትር በ11 ደቂቃ ሩጪ ተባለች። በ49.4 ሰከንድ ዘገየችና ከሥራ ወጣች። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1999 ፍርድ ቤቱ ያ ፍጥነት ለሥራው የግድ መሆኑ አልተረጋገጠም ብሎ ፈረደላት፣ ወደ ሥራዋም ተመለሰች።

የጂም አሰልጣኝ፦
ያ ግን ሩጫ ነው ወንድሜ፤ እሳት የሚጠፋው በሩጫ ፍጥነት አይደለም። እዚህ ያለው ቱቦ መጎተት፣ መሰላል ማቆም፣ በር መስበር፣ ሰው ማውጣት ነው። ሥራው ራሱ!

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ድካም ሲበዛብኝ መደገፊያውን ይዤ ብወጣስ?

ፈተናውን ያለፈ፦
ሚዛን ለመጠበቅ ቶሎ ነካ አድርገሽ መልቀቅ ይፈቀዳል። ተደግፈሽ ከወጣሽ ሁለት ጊዜ ያስጠነቅቁሻል፣ በሦስተኛው ፈተናውን ወደቅሽ። ሰዓቱ ከተቆጠረ በኋላ ከማሽኑ ከወረድሽ ደግሞ ማስጠንቀቂያም የለም። እንግዲህ ጂም ውስጥ ስትለማመጂ ከመጀመሪያው ቀን እጅሽን አንሺ። የማሽን መደገፊያ ሱስ ነው፣ በኋላ መተው ይከብዳል።

ነርስ ነኝ፦
ደረትሽን ከጨመቀሽ ወይም ካዞረሽ ልምምዱን አቁመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከፈተናው በፊት ያሉትን ሁለት ቀናት ደግሞ እረፊባቸው። በመጨረሻው ቀን የሚሠራ ስፖርት ድካም እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

ፈተናውን ያለፈ፦
ልብስም ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። ረጅም ሱሪ፣ ጣትና ተረከዝ የሚሸፍን ጫማ። ጓንትና የራስ ቆብም ግዴታ ናቸው። ሰዓትና የተንጠለጠለ ጌጥ ግን ቤት ይቅር፣ አያስገቡሽም።